አውቶቡስ የቀረባት መንደር
በካናዳዋ የሳስካችዋን ግዛት፣ በስንዴው ሜዳ መካከል ያለች ትንሽ መንደር ፖስታ ቤትና ሱቅ ቢኖራት እንኳ ልዩ ሐኪም የሚገኘው በሬጃይና ወይም በሳስካቱን ከተማ ነው። ከ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያንን ርቀት ያጠበበው የግዛቲቱ መንግሥት አውቶቡስ ነበር፤ ተሳፋሪ ብቻ ሳይሆን የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫና የላቦራቶሪ ናሙና ጭምር ያመላልስ ነበር። በ2017 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ድጎማው ከበደኝ ብሎ ዘጋው፤ 250 ያህል ከተሞችና መንደሮችም አገልግሎቱን አጡ። ውሳኔው ስህተት ነበር። ሂሳቡ የቲኬቱን ገቢ ቆጠረ እንጂ መንዳት ያቆሙትን አዛውንት፣ ለካንሰር ሕክምና የምትመላለሰውን እናት፣ ከሚደበድባት ባል የምታመልጠውን ሴት አልቆጠረም። በዓመቱ የአውቶቡስ ኩባንያው ግሬይሃውንድም አብዛኛውን የምዕራብ ካናዳ መስመሩን አቋረጠ። ዛሬ መኪና የሌለው ታማሚ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚወርድበት ክረምት፣ ወደ ቀጠሮው የሚያደርሰው ጎረቤት ይለምናል።