ስንት «የሂዶት» ብላችሁ ጠይቁ

«የኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ግድ የላቸውም» ሲባል መስማት ሰልችቶናል። ማስረጃው ምንድን ነው ስንል፣ ወላጆች ስብሰባ አይመጡም፣ ቢመጡም አይናገሩም ይሉናል።

በሀገራችን ልጅ ለየኔታ ከተሰጠ በኋላ አባት በመምህሩ ሥራ ጣልቃ አይገባም ነበር። ዝምታው አክብሮት እንጂ ቸልተኝነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ከመጡት ታዳጊዎች ደግሞ አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ወደ «ፕኒሚያ»፣ ተላኩ። ልጁን ከቤት ወስዶ ሲያበቃ «አባትየው የት አለ?» ማለት ምን የሚሉት ነው?

ይሁን እንጂ እኛም ወላጆች የምንወቀስበት አለ። እዚህ አገር ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ልጆች ሰባተኛ ክፍል ገደማ ሲደርሱ በሒሳብና በእንግሊዝኛ «ሀክባጻ» በሚባል የደረጃ ምድብ ይለያሉ። ታችኛው ምድብ የገባ ልጅ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል። ከዓመታት በኋላ «ባግሩት አለፈ» ተብሎ ዳቦ ይቆረሳል፣ እልል ይባላል። በስንት «የሂዶት» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እንግሊዝኛን በሦስት «የሂዶት» ብቻ የተፈተነ ልጅ ባግሩቱን እንደያዘ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይቆማል፤ ቢያንስ አራት ይፈለጋልና።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ልጁ የራሱን ጉዳይ እንዲያስተረጉም መደረጉ ነው። መምህርቷ «ብዙ ቀን ይቀራል» ትላለች፤ ልጁ «ጎበዝ ነው አለች» ይላል፤ እናት መምህርቷን ትመርቃለች። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ። እኛን አያስቀንም። አዋቂ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ፈንታ ነው፤ ካላቀረበ ግን ዘመድም ጎረቤትም ይዞ መሄድ የእኛ ነው።

በቤታችሁ ዕብራይስጥ ብቻ ተናገሩ የሚሉ መካሪዎችም አሉ። ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ በዚሁ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር። ልጁ በምን ቋንቋ አፉን እንደሚፈታ የወሰነው ራሱ እንጂ መምህር አልነበረም። በተሰባበረ ዕብራይስጥ የምትቆጣ እናትን ማን ይሰማታል? በአማርኛ ትቆጣ፤ ልጁም ይሰማል።

ፊርማን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሻሻለው የልዩ ትምህርት ሕግ፣ ልዩ ትምህርት ይገባዋል የተባለ ልጅ በምን ዓይነት ክፍል እንደሚማር የመምረጡን መብት በአብዛኛው ለወላጅ ሰጥቷል። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ይመጣል፤ ልጅ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ይላል፤ ይፈረማል። እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሳችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሳትፈርሙ ወደ ማኅበራችን አምጡት። ቁጭ ብለን እናነብላችኋለን።