ለአንድ ጦር ስንት አዛዥ?

እኛ ስደተኞች በተሰበሰብንበት ሁሉ ጨዋታው ሲደራ መድረሻው አንድ ነው፤ «ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ ታንክ የት ገባ?» ይባላል። አንዱ ወታደሩን፣ ሌላው ሩሲያን፣ ሦስተኛው አሜሪካንን ይረግማል። ከመካከላችን የቀድሞው ሠራዊት አባል የነበረ ሰው ካለ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። የዛሬው ወጋችን ስለዚሁ ሲሆን፣ ርእሱም የዕዝ ጉዳይ ነው።

የጦር ትምህርት ቤቶች የሚስማሙበት አንድ ሕግ አለ። አንድ ጦር አንድ አዛዥ ይኑረው፤ ያዘዘ ይጠየቅ፤ የሚጠየቀውም ይዘዝ። ደርግ ግን ይህን አልወደደውም። ከፊቱ ካለው ጠላት እኩል የገዛ መኮንኑን ይፈራ ነበርና በየክፍሉ ሦስት ባለሥልጣን አስቀመጠ፤ አንደኛው አዛዡ፣ ሁለተኛው የፖለቲካ ኮሚሳሩ፣ ሦስተኛው የቁጥጥርና የደህንነቱ ሰው። ሦስቱም በየራሳቸው መስመር ወደ ላይ ሪፖርት ያደርጋሉ። አዛዡ ስለ ጠላት ሲጽፍ፣ ሁለቱ ስለ አዛዡ ይጽፋሉ። «ሴት ከበዛ ጎመን ጠነዛ» ይላል ተረታችን። እዚህ ግን ጎመኑ የጠነዛው በሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ሲሰልል እሳቱን የሚያይ በመጥፋቱም ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ አሠራር የተቀዳው ከሶቪየት ኅብረት መሆኑ ነው። ሶቪየቶች ራሳቸው የጀርመን ጦር ስታሊንግራድ ድረስ ዘልቆ ሞት ሽረት ላይ በነበሩበት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1942 ባወጡት አዋጅ የኮሚሳርነትን ሥልጣን ሽረው ሙሉ ኃላፊነቱን ለአዛዡ መለሱለት። እነርሱ በደም ተምረው የጣሉትን ልብስ የእኛዎቹ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው አንስተው ለበሱት።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በየካቲት 1980 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን አስረሸነ። እስቲ በእርሳቸው ወንበር የተተካውን ሰው አስቡት። ከእርሱ በፊት የነበረው የተረሸነበት አዛዥ መጥፎ ወሬ ወደ ላይ ይልካል? በጊዜ አፈግፍጎ ሰው ያድናል? ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጋቢት 8 ቀን 1980 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውጊያ ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ በሻዕቢያ ተደመሰሰ። ሲያፈገፍግ የነበረው የታንክና የመኪና ረድፍ አድ ሺሩም በተባለ ጠባብ መተላለፊያ ላይ መንገድ ተዘጋበት፤ ንብረቱ በሻዕቢያ እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ የገዛ አየር ኃይላችን እንዲደበድበው ታዘዘ። ሦስት የሶቪየት አማካሪዎችም ተማረኩ። ታሪክ ጸሐፊው ባሲል ዴቪድሰን ይህን ሽንፈት ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1954 ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባቸው ጋር አመሳሰለው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። በግንቦት 1982 ዓ.ም. 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ የጦር ሜዳ ልምድ በአንድ ሌሊት ከመሬት በታች ዋለ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሰውየው ራሱ አገር ጥሎ ኮበለለ። ከ4 መቶ ሺህ በላይ የሚሆን ሠራዊት ተበተነ፤ ስንቱ ሱዳን ገባ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ!

«ታዲያ ሠራዊት ያለ ቁጥጥር ይለቀቅ ወይ? ደርግስ ራሱ በ1966 ዓ.ም. ከጦር ሰፈር አይደለም እንዴ የወጣው?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ትክክል ነው። አሜሪካዊው ሳሙኤል ሀንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት የቁጥጥር መንገዶችን ለይቷል። አንደኛው ወታደሩ ሙያውን አክብሮ፣ ከፖለቲካ ርቆ፣ በሕግ ለቆመው የሲቪል መንግሥት እንዲታዘዝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሠራዊቱን የአንድ ወገን ንብረት ማድረግ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተገነባ ሠራዊት መንግሥት ቢለወጥም አገር ይዞ ይቆያል። በሁለተኛው የተገነባው ግን ከጌታው ጋር አብሮ ይወድቃል። የእኛው እንዲያ ነው የሆነው።

እንግዲህ ቁጥጥር ያስፈልጋል፤ ቁም ነገሩ ማን ምኑን ይቆጣጠር የሚለው ነው። ጦርነት ይኑር አይኑር፣ ለምን ዓላማ፣ በስንት ገንዘብ የሚለውን ሕዝብ የመረጠው ሲቪል ይወስን፤ ምክር ቤት ይጠይቅ፤ ፍርድ ቤት ይፍረድ። ምሽጉ በስንት ሰዓት ይለቀቅ የሚለውን ግን ለአዛዡ ይተዉለት። ቦታው ሲምታታ፣ ጄኔራሉ ፖለቲከኛ፣ ካድሬው ደግሞ ጄኔራል ሲሆን፣ የሚያልቀው የገበሬው ልጅ ነው።

ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ መስሏችሁ እንዳትታለሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን፣ ሠራዊቱም ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ይሁን ይላል። ወረቀቱ እንዲህ እያለ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሰሜን ዕዝ ውስጥ አንድ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች እርስ በርስ ተታኮሱ፤ ከዚያ የተነሣው ጦርነት ሁለት ዓመት ፈጅቶ አገሩን በሐዘን ሞላው። አንቀጽ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሠራዊቱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን ሹመቱ፣ እድገቱና ትእዛዙ ነው።

በየአገሩ የተበተናችሁ የቀድሞ መኮንኖችና ወታደሮች ሆይ፣ የአፋቤትን፣ የሽሬን፣ የምጽዋን ነገር በእናንተ ዓይን ጻፉልን። ማን ምን እንዳዘዘ፣ ማን ትእዛዙን እንደሻረ፣ የቱ ሪፖርት ሰሚ እንዳጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዕድሜ አይጠብቅም፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ነገ አዲስ ሠራዊት የሚገነባው ልጅ ያንኑ ሦስት ወንበር መልሶ ይዘረጋል።

ቸር ይግጠመን።