አምባሰልን የዋጠው ሳጥን

ከደሴ ወልድያ በሚመላለሱ ሚኒባሶች፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሚርመሰመሱ ባጃጆች፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሐይቁ ዳር በሚወርዱ የቤት መኪኖች አንድ እምነት ነግሧል፤ ቤዝ የሚገኘው ከዋቱና ከዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ስፒከር) ስፋት ነው፣ ሳጥኑ ግን ጌጥ ነው የሚል። ይህ እምነት ስህተት ነው። ጉዳቱም የወጣቶችን ገንዘብ በመብላት ብቻ አያበቃም። ወሎ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የሰጠችው ዜማ በተወለደበት መንገድ ላይ ሲያልፍ እንዳይሰማ አድርጎታል።

ባለመኪናው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያስገዛውን ወይም ዘመድ ከውጭ የላከለትን ዉፈር ይዞ ጋራዥ ይገባል። በስልኩ አንድ ፎቶ ያሳያል፤ የውጭ አገር መኪና ነው፣ ከኋላው እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ የፋይበር ግላስ ሳጥን ተቀምጦበታል። "እንዲህ አድርግልኝ" ይላል። ሠሪው ከኤምዲኤፍ ቀለበት ይቆርጣል፣ ቀለበቱን በእንጨት ድጋፍ ከወለሉ ከፍ አድርጎ ያቆማል፣ በላዩ ጨርቅ ይወጥራል፣ ሬዚኑን ከሃርድነር ጋር በጥብጦ በብሩሽ ይቀባል። ጨርቁ እንደ ቅል ሲደርቅ የፋይበር ምንጣፍ ይለጥፍበታል፣ ስቱኮ ይመርግበታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል፣ ቀለም ይነፋዋል፣ ዙሪያውን መብራት ያደርግለታል። እጁ የሰለጠነ ነው። ከአንድ ጥቅል ጨርቅና ከአንድ ጋሎን ሬዚን እንዲህ ያለ ቅርጽ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ይህን ችሎታ የሚያጣጥል ሰው ሞክሮት አያውቅም።

የሚያሳዝነው በዚህ ሁሉ ሂደት አንድ ጥያቄ አለመነሣቱ ነው። ሳጥኑ ስንት ሊትር ይይዛል? ሠሪው አይጠይቅም፣ አሠሪውም አያውቅም። ቅርጹ የተመረጠው ለዓይን ነው፤ የተረፈውን ቦታ ጎማና ሻንጣ ወስነውታል። ዉፈሩ ግን ማየት አይችልም። የሚያውቀው ከጀርባው ያለውን አየር ብቻ ነው።

ዉፈር ያለ ሳጥን ሜዳ ላይ ቢጫወት ቤዝ የለውም። ሸራው ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው አየሩን ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሞገድ ዞረው ይገናኙና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሳጥኑ የመጣው ሁለቱን ሊለያይ ነው። ከለያቸው በኋላ ግን ሌላ ሥራ ይጀምራል፤ ውስጡ የታፈነው አየር ለሸራው ምንጭ፣ ማለትም ስፕሪንግ ይሆናል። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በ1954 እ.ኤ.አ. ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር ይዞ ሲመጣ ሥራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር፤ የታፈነን አየር በልኩ ከተጠቀሙበት ትንሽ ሳጥን ትልቁ ያላወጣውን ጥልቅ ድምፅ ያወጣል። በ1961 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲየል፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ሪቻርድ ስሞል ነገሩን በቀመር አስቀመጡት። ዛሬ ደህና ዉፈር ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ በእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም የሚጠሩ ቁጥሮች የታተሙበት ወረቀት አብሮ ይመጣል። ወረቀቱ ግን ከካርቶኑ ጋር ይጣላል! ሠሪው ስለ ዉፈሩ ማወቅ የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ እዚያ ላይ ነበር።

አንድ አብነት ልስጥ። በነፃ አየር በ28 ኸርዝ የሚያስተጋባ፣ የሸራው መለጠጥ ከ80 ሊትር አየር ጋር የሚመጣጠን ዉፈር እንውሰድ። 60 ሊትር በሆነ ዝግ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ማስተጋቢያው ወደ 43 ኸርዝ ከፍ ይላል፤ ይህ መልካም ነው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቤዝ ከሞላ ጎደል በእኩል ያሰማል። ያንኑ ዉፈር 15 ሊትር በሆነ ቆንጆ ማዕበል ውስጥ ብንጨምረው አየሩ ይጠጥራል፣ ማስተጋቢያውም 70 ኸርዝ ይደርሳል። ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ይሞታል፣ እዚያው 70 አካባቢ ያለው ደግሞ ያብጣል። የተጫወተው ዘፈን ምንም ይሁን ምን የሚሰማው ያው አንድ "ዱም" ነው። በመንገዳችን ላይ ከሚያልፉት መኪኖች የብዙዎቹን ዘፈን ርዕስ ከቤት ሆኖ መለየት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የፋይበር ሥራ ለዚህ ስህተት ከጣውላ ይልቅ የተጋለጠ ነው። የጣውላ ሳጥን ርዝመቱን በስፋቱና በቁመቱ አባዝቶ ማወቅ ይቻላል። የተጠማዘዘውን ግን ሜትር አይለካውም፤ ጨርቁ ሲወጠር ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሠሪው ካሰበው በታች ይሆናል፤ የዉፈሩ ማግኔትም ከውስጥ ቦታ ይወስዳል። መለኪያው ግን ሩቅ አይደለም። ሳጥኑ ከመቀባቱ በፊት በዉፈሩ ቀዳዳ በኩል ደረቅ ማሽላ ሞልቶ፣ ከዚያ በሊትር ጣሳ እየሰፈሩ ማውጣት ነው። በተሁለደሬም በአምባሰልም ወረዳ ማሽላ ይዘራል፣ ጣሳም በየሱቁ አለ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሳጥኑ ካነሰ ስቱኮ ሳይመረግበት ቆርጦ ማስፋት ይቻላል፤ ከተቀባ በኋላ ግን ማንም እጁን አያስገባበትም።

ሌላው ችግር ውፍረት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ምንጣፍ ሬዚን ሲጠጣ አንዱ ንብርብር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚሆነው። ሬዚን ውድ ስለሆነ ሁለት ንብርብር ይደረግና ቀሪው በስቱኮ ይሞላል። ስቱኮ ያለሰልሳል እንጂ አያጠነክርም። እንዲህ ያለው ግድግዳ ዉፈሩ በገፋ ቁጥር አብሮ ይርገበገባል፣ የራሱን ድምፅ ይጨምራል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ለዉፈር ቢያንስ ስድስት ንብርብር ያስፈልጋል። በጣት አንጓ ኳ ኳ ማድረግ ይበቃል፤ ደረቅና አጭር ድምፅ ከመለሰ ደህና ነው፣ እንደ ባዶ ጀሪካን ከጮኸ ገንዘቡ ባክኗል።

ስለ ዋቱ ብዙ ማለት አልፈልግም። አምፕሊፋየሩ ላይ "3000 ዋት" ተጽፎ ፊውዙ 30 አምፒር ከሆነ ነገሩ አልቋል። በ14 ቮልት 30 አምፒር ማለት 420 ዋት ከባትሪ መሳብ ነው፣ ከዚያም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እውነተኛ 3000 ዋት ከ200 አምፒር በላይ ይፈልጋል፤ የሚኒባስ ዲናሞ ግማሹን መስጠት እንኳ ይከብደዋል፣ የባጃጅማ አይነሣ። ደግሞም ዋትን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው። ሳጥኑን ማስተካከል ከዚያ የሚበልጥ ለውጥ በነፃ ያመጣል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች ከወሎ ጋር ተሳስረው የሚነሡ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል በስማቸው ቦታን ይጠራሉ። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ወደ ሰሜን ዓይን ሲያነሡ የሚታየው ተራራ ነው። በዚህ ቅኝት ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ሰፊ ዝላይ አለ። ያ ቅርብ እርምጃና ያ ዝላይ ናቸው ሆድ የሚያባቡት። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትጫወት የሚያስለቅሰው፣ ድምፅዋ በዚያች ጠባብ ርቀት ላይ ሲንሳፈፍ፣ ማሲንቆውም ከሥር ሲከተላት ነው። የሴት ድምፅ መነሻው 165 ኸርዝ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፤ ማሲንቆም ክራርም ከ70 ኸርዝ እጅግ በላይ ይኖራሉ። ታዲያ ያበጠው ሳጥን ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል? ምንም አይጨምርላቸውም፣ ይሸፍናቸዋል እንጂ። የሰው ጆሮ ተፈጥሮው እንዲህ ነው፤ ኃይለኛ ወፍራም ድምፅ ከበላዩ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይጋርዳል፣ ቀጭኑ ግን ወፍራሙን አይጋርድም። የፈረስ ጭራ በቆዳ በተለበጠ ገበታ ላይ የሚያወጣው ያ ሻካራ ድምፅ በአንድ "ዱም" ሥር ይቀበራል።

"ለቤዝ የተሠራ ዘፈን ነው የምንከፍተው" ለሚሉኝ ደግሞ ከበሮን እጠራለሁ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መሪው የቱን መቼ እንደሚመታ ያውቃል። የመንዙማ ድቤም በእጅ አመታቱ ድምፁ ይለያያል። እዚህ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ እነዚህን እየሰማ ነው ያደገው፤ ወፍራም ድምፅ ራሱ መልክ እንዳለው ማንም ሊያስተምረው አይገባም። ልኩን የሳተ ሳጥን ግን ሰፊውንም ጠባቡንም አፍ አንድ ያደርገዋል። ከእንጨት ግንድ ፈልፍሎ ድምፅን በባዶው ቦታ መጠን ማውጣት ለአባቶቻችን የታወቀ ጥበብ ነበር። ልጆቻቸው ዕቃው ከውጭ ስለመጣ ብቻ ባዶው ቦታ የማይቆጠር መሰላቸው።

ሾፌሮች "ተሳፋሪው ይወደዋል፣ ዝም ያለ መኪና አይሞላም" ይላሉ። እንጀራቸው ስለሆነ አባባሉን አቅልዬ አላየውም። ግን ተሳፋሪው መቼ ተጠይቆ ያውቃል? ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናት ልጇን ታቅፋ፣ ሽማግሌ ከሐኪም ቤት ተመልሶ፣ ተማሪ ፈተና እያሰበ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንስልን" ያለ ሰው በረዳቱ ሲገላመጥ ያላየ የመንገዱ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። ከሁሉ የባሰ የሚጎዳው ደግሞ ሾፌሩ ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በሳምንት 40 ሰዓት ለ80 ዴሲቤል ነው፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 90 ከደረሰ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ቀረ ማለት ነው፤ ያን አንድ ሾፌር በአንድ ማለዳ ይጨርሰዋል። መስማት ሲቀንስ ደግሞ ድምፁን ይጨምራል።

ሐይቁ ዳር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ውሃው በገባው ምድር ላይ ነው ያለው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። ለመዝናናት የመጣ ሰው የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ዉፈሩን ወደ ውሃው ሲያዞር የሚያዝናናው ራሱን ብቻ ይመስለዋል። ማታ ውሃው ላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ሰማይ መበተኑን ትቶ ወደ ታች እየታጠፈ ርቆ ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ ግድግዳም ዛፍም አያግደውም። ለጸሎት የቆመ መነኩሴ፣ በማዶው መንደር የተኛ ገበሬ ዜማውን ሳይሆን ድብደባውን ብቻ ይቀበላሉ። ድምፅን እንደ ብክለት የሚቆጥረው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የመኖሪያ አካባቢ ልኩም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። እኔ ግን ፖሊስ ይምጣ አልልም። በልኩ የተሠራ ሳጥን በዝቅተኛ ድምፅም ይሞላል፤ ሰው ድምፁን የሚያስጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ያጣውን ጥልቀት ፍለጋ ነው።

ስለ ሠሪዎቹ ጤናም ዝም ማለት አይቻልም። ያለ ጭምብል በተዘጋ ጋራዥ ሬዚን የሚበጠብጥ ልጅ ቀኑን ሙሉ የስታይሪን ትነት ይስባል፤ ሲፈትገው የመስታወት ብናኝ ቆዳውንና ሳንባውን ይበላዋል። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ሊያሳውር ይችላል፤ ኮባልት ካለው ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ከተደባለቀ ይፈነዳል። ለዓይን መነጽር፣ ለእጅ ጓንት፣ ለአፍንጫ የትነት ማጣሪያ ያለው ጭምብል ካልቀረበለት አሠሪው ለመብራቱ የከፈለውን ልጁን ነፍጎታል ማለት ነው።

ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። ደሴ የወይዘሮ ስሕን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፣ ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ከዉፈሩ ወረቀት ሦስት ቁጥር ማንበብ፣ አንድ ቀመር በስልክ መሥራት፣ በማሽላ መለካት፣ ሬዚንን በጥንቃቄ መያዝ የአጭር ሥልጠና ጉዳይ ነው፤ እነዚህ ተቋማት ለጋራዥ ልጆች ሊሰጡት ይገባል። እስከዚያው ባለመኪናው ራሱ ይጀምር። የዉፈሩን ወረቀት ይዞ ይሂድ፣ ሊትሩን ፊቱ ያስለካ፣ ግድግዳውን ያንኳኳ፣ መሞከሪያ ዘፈኑንም ማሲንቆ ያለበት አምባሰል ያድርግ። ሠሪውም ሳጥኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ በስንት ኸርዝ እንደሚያስተጋባና ስንት ንብርብር ፋይበር እንዳለበት ጽፎ ይለጥፍበት። ያ ጽሑፍ እስኪለጠፍ ድረስ ባለመኪናው ቀሪ ሒሳቡን አይክፈል።