ከወሊዱ በኋላ የሚሞላ ወረቀት

ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጎራ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ አያጣም፦ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ። «በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች» የሚለው ረድፍ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። ውሸትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 10 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሰዋል። ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ያደረሱ ጎረቤቶች፣ ለአራስ ገንፎ የሚያገነፉ ጤና ጣቢያዎች ሊመሰገኑ ይገባል። (ገንፎውን የሚንቅ ካለ የወለደች ሴት ይጠይቅ።) አማካዩ የሚሸፍነው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ በ2016ቱ ጥናት አዲስ አበባ 97 በመቶ ላይ ስትሆን አፋር 15 በመቶ ላይ ነበር።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2016ቱ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ሞተዋል። በ2019 ሲለካ ቁጥሩ አልቀነሰም። በተቋም የሚወልዱት ወደ እጥፍ ሲጠጉ የጨቅላዎቹ ሞት ንቅንቅ ካላለ፣ «እናቲቱ መጣች ወይ?» ማለቱ አይበቃም። ከመጣች በኋላ ምን ተደረገላት?

ፓርቶግራፍን እንውሰድ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ምጡ ከተፋፋመ ጀምሮ የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማህፀን በር መከፈት በየ4 ሰዓቱ እየታየ ነጥብ ይደረግበታል። ነጥቡ የማስጠንቀቂያውን መስመር ካለፈ ምጡ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ሪፈር ይታሰባል፣ አምቡላንስ ይጠራል። በሥራው ላይ ያሉ አዋላጆች ታዲያ እርስ በርስ ሲያወሩ የማይደባበቁት ነገር አለ፤ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ልጁ ከተወለደ፣ እናቲቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለች በኋላ ነው። እንዲህ የተሞላው ያስታውቃል። ነጥቦቹ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተደረደሩ ናቸው፤ የልብ ምቱ 140፣ 142፣ 140 እያለ ይሄዳል፤ መስመሩን ያለፈ ነጥብ የለም። የትኛው ምጥ ነው እንዲህ ልክክ ብሎ የሚሄድ? ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ፋይሉን ይመዛል፣ ቼክሊስቱ ላይ «ፓርቶግራፍ ተሞልቷል» ከሚለው ጎን ራይት ያደርጋል፣ ምሳ ሳይደርስ ወደ ሌላው ጤና ጣቢያ ይነሳል።

ሌሊት ብቻዋን ሦስት ወላድ ይዛ የምትሯሯጥ አዋላጅን በዚህ መውቀስ ግፍ ነው። እጇ ላይ ያለው ሥራ ልጅ መቀበል ነው፤ ወረቀቱ የሚጠየቀው በማግስቱ ነው። የሚጠየቀው ወረቀት ስለሆነ ወረቀት ታቀርባለች።

ሞቶ የተወለደ ልጅ ሲመዘገብ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ባለሙያዎቹ «ፍሬሽ» የሚሉት፣ ቆዳው ያልተላጠው፣ ምጡ ሲጀምር በሕይወት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ማዋለጃ ክፍሉ ይጠየቅበታል። ቆዳው የተላጠው ቀደም ብሎ ማህፀን ውስጥ የሞተ ነው፤ ተረኛዋን የሚጠይቃት የለም። መዝገቡ ላይ የቱ እንደሚመረጥ መገመት አያዳግትም። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ እናቲቱ ከበር እንደገባች የፅንሱ ልብ ምት ተደምጦ ከነሰዓቱ ይጻፍ። ሲገባ ይመታ የነበረ ልብ የት እንደቆመ ያኔ ይታወቃል።

ሥርዓት ጠፍቶ አይደለም። የእናቶችን ሞት እየመረመሩ ምላሽ የመስጠት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሯል፤ በኋላ የጨቅላዎች ሞት ተጨምሮበታል። ምርመራው ለመማር እንጂ ለቅጣት እንዳይውል ታስቦ የተዘረጋ ነው። ይሁንና በስብሰባው የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተረኛው ማን ነበር?» ከሆነ ቀጣዩ ሞት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም። «ደም ለምን አልተገኘም? አምቡላንሱ የት ነበር?» ሲባል ነው ሰው አፉን የሚከፍተው።

ቼክሊስቱ የሚያልፈው ሌላም አለ። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይቀንሳል። የክትባቱ ፍሪጅ በር ላይ ጠዋትና ማታ ሙቀት የሚመዘገብበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ኦክሲቶሲኑ ግን መደርደሪያ ላይ ውሎ ቢያድር ሪፖርቱ «መድኃኒቱ አለ» ይላል። እዚያው ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ፣ ለብቻው በሣጥን ተለይቶ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል?

በጦርነት የተዘረፉ ጤና ተቋማት ባሉበት አገር ሁሉም ነገር በወረቀት ይስተካከላል የሚል የለም። አዋላጅ ይጨመር፣ መብራት ይግባ፣ ደም ይቅረብ፤ እነዚህ የበጀት ጥያቄዎች ናቸው። እውነተኛ መዝገብ ግን በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እውነት የጻፈችው አዋላጅ እንደማትቀጣ ማረጋገጫ ነው።

የክልል ጤና ቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፣ የሚቀጥለውን ሱፐርቪዥን ሳትደውሉ ቅዳሜ ሌሊት አድርጉት። ተረኛዋን «ሞልተሻል ወይ?» አትበሏት፤ «ምን ጎደለሽ?» በሏት፣ የምትላችሁንም ይዛችሁ ሰኞ ዕለት ሥራ ጀምሩ።