ፍንዳታው የት አለ?

ጁራሲክ ፓርክን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመልስልን፦ ከፊልሙ ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? እኛ ጅማና አጋሮ ያደጉ ጓደኞቻችንን እየዞርን ጠየቅን። ዳይኖሰሩን ያስቀደሙ አሉ፣ አንክድም። ብዙዎቹ ግን መጀመሪያ ያነሱልን የውሃዋን ነገር ነው። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ብርጭቆ፣ ውሃው ላይ የሚሠራው ክብ ክብ ሞገድ፣ በጨለማው ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር እየመጣ መሆኑ።

ይቺ ትዕይንት በኮምፒውተር አልተሠራችም። ከመኪናዋ ዳሽቦርድ ሥር የጊታር ክር ወጥረው፣ ክሩን እየመቱ ነው ውሃውን ያንቀጠቀጡት። በእ.ኤ.አ. 1993 የወጣው ይሄ ፊልም ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ዳይኖሰር የሚታይበት ጊዜ ተደምሮ ግን 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው 6 ደቂቃ አካባቢ ብቻ። ሌላው ሁሉ መጠበቅና መፍራት ነው።

ይሄን የምናነሳው የፊልም መምህር ለመሆን አምሮን አይደለም። ሰሞኑን በየካፌው «ሳይንስ ፊክሽን ማለት ኢፌክት ነው፣ ኢፌክት ማለት ገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ደግሞ የለንም» የሚል ጨዋታ ስለበዛብን ነው። እኛ እዚህ ስሌት ላይ ተቃውሞ አለን። ተቃውሟችንን ያስተማረን ደግሞ ቪዲዮ ቤት ነው።

ጅማ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ሲኒማ ቤት ያላት ከተማ ናት። የኛ ትውልድ ግን ፊልም ማየት የተማረው እዚያ አይደለም። ጭቃ ግድግዳ፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፣ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ጆንያ፣ ፊት ለፊት ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም (የፊደል አጣጣሉን ነገር ተዉት)። አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ ሰርቦም፣ ሰቃ ጨቆርሳም ያው ነው። ካሴቱ የስንተኛ ኮፒ ኮፒ እንደሆነ አላህ ይወቀው። በኋላ ቪሲዲ መጣና ሲኒማ ውስጥ በድብቅ የተቀዳውን ማየት ጀመርን፤ የጠፈር መርከቧ ልትነሳ ስትል ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ተነስቶ ሽንት ቤት ይሄዳል። ይባስ ብሎ መብራት ይሄዳል። ቡና በደረሰ ጊዜ፣ ኪስ ሞላ ሲል፣ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ስለሚሞላ ስክሪኑን የምታየው በሁለት ጭንቅላት መካከል ባለች ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ውስጥ የሆሊውድ ኢፌክት ምን ይሆናል? ይሞታል! ተርሚኔተር 2 በ1991 ሲወጣ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ውዱ ነው ተብሎ ነበር፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። ዓለምን ጉድ ያሰኘው ፈሳሹ የብረት ሰውዬ እኛ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ግራጫ እድፍ ነበር። አርኖልድ ግን ቀልጦ ወደሚፍለቀለቀው ብረት እየወረደ አውራ ጣቱን ከፍ ሲያደርግ፣ ከእንግሊዝኛው አንዲት ቃል ያልገባው ሕፃን ሁሉ ዝም ይል ነበር። አቫታርንም (2009) ያየነው በካሜራ ኮፒ ነው። ሰማያዊ ሰው፣ ሰማያዊ ጫካ፣ ሰማያዊ ብዥታ። በሦስት ዲ መነጽር ያየው ዓለም ለምን እንዳበደለት በኋላ ገብቶናል፣ በገቢም ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ ነው። ከቪዲዮ ቤት ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ታሪኩን ለጓደኛው ሊተርክ የሞከረ ልጅ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሶ «በቃ፣ ከዚያ ተዋጉ» ነበር የሚለው።

ቪዲዮ ቤት ሳያስበው ወንፊት ነበር። የሚያብረቀርቀው ሁሉ ከላይ ቀርቶ ታሪኩ ብቻ ወደኛ ያልፋል። አንዳንዱ ፊልም ሲነፋ ምንም አይወርድም።

አሁን ወደ ንግዱ እንምጣ። ስታር ዋርስ በ1977 ሲወጣ ጆርጅ ሉካስ የአሻንጉሊቱንና የሸቀጡን መብት ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ፊልሙ ያልታሰበ ገበያ ሲያገኝ አሻንጉሊቱ ገና አልተመረተም። ታዲያ የዚያን ዓመት ለገና በዓል ምን ተሸጠ? ባዶ ካርቶን። አሻንጉሊቱ ሲደርስ እንልክልሃለን የሚል ወረቀት ያለበት ካርቶን! (መርካቶ እንኳን እዚህ አልደረሰም።) ይሄን ስናነብ ስቀናል፤ ቆይተን ስናስበው ግን የዛሬዎቹ ብሎክበስተሮችም ያው ካርቶን ናቸው። ፊልሙ ያልቃል፣ ጽሑፉ ይወርዳል፣ ከጽሑፉ በኋላ የሚመጣውን ፊልም የሚያስተዋውቅ ቁራጭ ይታያል። ለያዝከው ነገር ሳይሆን ወደፊት ለሚላክልህ ነገር ነው የከፈልከው። ዲዝኒ በ2012 የሉካስን ኩባንያ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ሲገዛም የገዛው ይሄንኑ የማያልቅ መጠበቅ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ነጋዴው ላይ መለጠፍ ግን ይቀላል። እኛ አድናቂዎቹስ? በ2017 ዘ ላስት ጄዳይ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ሰው ያልጠበቀውን ነገር ለማድረግ ደፈረ። ፊልሙን መውደድም መጥላትም መብት ነው፣ እኛም እርስ በርስ አልተስማማንበትም። አድናቂ ነን ባዮች ግን ኬሊ ማሪ ትራን የምትባለውን ተዋናይት በስድብ አሳድደው በ2018 ኢንስታግራሟን ባዶ አስደረጓት። በ2019 በወጣው ቀጣይ ፊልም ድርሻዋ ለዓይን ያህል ሆነ፤ ታሪኩም ወደ ድሮው መስመር ተጎትቶ ተመለሰ። ኩባንያው ፈራ ማለት ነው። 4 ቢሊዮን ዶላር ያፈሰሰ ሰው ደግሞ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ለቡና አገር ሰው ይሄን ማስረዳት ቀላል ነው። ጅማ 5 የሚባለውን ደረጃ የማያውቅ የቡና ገዢ በዓለም ላይ የለም። ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ፣ ከየጓሮው ተሰብስቦ የተደባለቀ ቡና ነው። የውጭ ቆዪ ለቅልቅል ነው የሚገዛው፤ የሚፈልገውም ቡናው እንዲያስገርመው ሳይሆን ልክ እንዳምናው እንዲሆንለት ነው። ካስገረመው ይመልሰዋል! ብሎክበስተር ማለት የፊልም ጅማ 5 ነው። ከየአገሩ ገበያ ለማንም እንዳይጎረብጥ ተደርጎ የተቀላቀለ፣ ደረጃው የታወቀ፣ ዘንድሮም እንደ አምና የሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታሰብ። በአጋሮ አካባቢ ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። የተመሠረተው በ2010 ነው። ያው የአጋሮ ኮረብታ፣ ያው ዛፍ፣ ያው ገበሬ። የተለወጠው ነገር ቀዩን እሸት ለቅመው፣ ፈልፍለው፣ አጥበው፣ ለብቻው ማድረቃቸው ነው። በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጡ። ኮረብታው ድሮም ያ ቡና ነበረው ማለት ነው፤ ጀንፈሉ ተደባልቆ ስለሚጫን ማንም ቀምሶት አያውቅም ነበር።

ለፊልሙም ዱሮሚና አለለት። ጎጂላ ማይነስ ዋን የሚባለው የጃፓን ፊልም በ2023 ሲወጣ ወጪው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር ተብሏል፤ ለሆሊውድ ይሄ የምሳ ገንዘብ ነው። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ኢፌክቱንም የመራው ራሱ ነው፣ 35 ሰዎች ይዞ። በመጋቢት 2024 የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካሩን ከእነዚያ የ200 ሚሊዮኖቹ መንደር ነጥቆ ሄደ። እኛ ግን ያስደነቀን ዋንጫው አይደለም። ፊልሙ ከጦርነት በሕይወት በመመለሱ የሚያፍር የአንድ ወጣት ታሪክ ነው፤ ጭራቁን ብታወጣው እንኳ ወጣቱ እዚያው አለ። ባለ 21 ኢንቹ ላይ ቢታይ ያልፋል። ስለዚህ ኢፌክት ጠላታችን ነው አላልንም። ኢፌክት ሠሪዎቹም አይደሉም፤ የማርቭል ኢፌክት ሠራተኞች በ2023 በሙሉ ድምፅ ማኅበር ለማቋቋም የወሰኑት ሥራው ስላጎበጣቸው ነው። ስማቸው የሚወጣው ሰው ጃኬቱን ለብሶ ሲነሳ ነው። ቡና ለቃሚ ደግሞ ያችንም አላገኘ።

ይሄ ሁሉ ወሬ እኛን ምን አገባን ለሚል ሰው አንድ ገጠመኝ እንንገረው። ከመካከላችን አንዱ የአጭር ፊልም ጽሑፍ ጻፈ። ዘመኑ 2092 ዓ.ም.፣ ቦታው ጅማ፤ ቡና የማይበቅልባት ጅማ። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ለሠርጉ አንድ ጀበና እውነተኛ ቡና ማፍላት ይፈልጋሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምትሆን አንድ ጀበና ብቻ። ፍለጋው ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ይወስዳቸዋል። በቃ ይሄው ነው። ልጁ ጽሑፉን ይዞ አዲስ አበባ አንድ ፕሮዲውሰር ዘንድ ገባ (ስሙ ይቆየን)። ሰውዬው አነበበና፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ሳይንስ ፊክሽን ካልከኝ ፍንዳታው የት አለ? ግራፊክሱንስ ማን ይሠራዋል?» አለ። ከዚያም መፍትሔ ሰጠ፦ የልጅ ልጅቷን ከአሜሪካ የመጣ ልጅ ይውደዳት፣ አሮጊቷ ያስቁ፣ ሠርጉ ይርዘም። ፍቅርና ኮሜዲ! ሕዝቡ የለመደው እሱን ነው።

«ሕዝቡ የለመደው» የሚለው ነገር ነው ያናደደን። ሕዝቡን ያስለመደው ማን ሆነና?

ደግሞ የልጁ ታሪክ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። በ2017 የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ኔቸር ፕላንትስ ላይ ያወጡት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ያው ጥናት ሌላም ነገር ይላል፦ ቡናው ወደ ከፍታው ቢዛወርና ደን ቢለማለት ተስማሚው መሬት እንዲያውም በብዙ እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ቡናው ይሰደዳል ማለት ነው። ታዲያ ደጋው ላይ ዛሬ ገብስ የሚዘራው ገበሬስ? አጋሮስ ቡናው ጥሏት ሲሄድ ምን ትሆናለች? ሊሙ ስሙን ይዞ ይቀራል ወይስ ስሙም አብሮ ይሰደዳል? ከዚህ በላይ ሳይንስ ፊክሽን ምን አለ? አንድም ነገር ሳይፈነዳ ፀጉር የሚያቆም ታሪክ ነው፤ የኛው ታሪክ ነው።

ይሄን እኛ ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም። የሚያሳስበንም እሱ ነው። ብላክ ፓንተርን (2018) ያየ ሰው ከንፈሩ ላይ ትልቅ ገል ያደረገውን አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ያስታውሳል። ያ ከንፈር ከሙርሲና ከሱሪ የተወሰደ ነው። በጅማ ዙሪያ የሚያልፈው ግቤ ወርዶ ኦሞ ሲሆን የሚደርስባቸው ሰዎች ናቸው። አለባበሱ ተደነቀ፣ ዲዛይነሯም ኦስካር አገኘች፣ ይገባታል። ሽማግሌው ግን በዚያ ሁሉ የወደፊት ዘመን ውስጥ ጌጥ ነው፣ ታሪክ የለውም። መልካችንን አከራይተን የወደፊቱን ጊዜ ደግሞ መልሰን ከነሱ ተከራየን።

በአማርኛ የተሠራ ሳይንስ ፊክሽን የለም የሚል ካለ ደግሞ አለ። ክራምብስ ይባላል፣ ፍርፋሪ እንደማለት፤ በ2015 የወጣ፣ 68 ደቂቃ የሚሆን ፊልም። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ነው፣ ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፣ ቋንቋው አማርኛ። ዓለም ካለቀች በኋላ ሰማይ ላይ አንዲት የዛገች መርከብ ለዓመታት ተንጠልጥላ ቀርታለች። ዳሎል ራሱ ሌላ ፕላኔት ስለሆነ ፕላኔት በኮምፒውተር መሥራት አላስፈለገም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በዚያ ዘመን የከበረው ዕቃ የኛ ዘመን ቆሻሻ መሆኑ ነው። የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላ፣ ሰው እንደ ታቦት የሚሳሳለት። በ1977 በባዶ ካርቶን የተሸጠው ንግድ መጨረሻው የት እንደሚደርስ ከዚህ በላይ የቀለደበት አላየንም። ፊልሙ እንከን የለውም አንልም፤ አንዳንድ ቦታ ራሱን ጠፍቶት ይዞራል፣ ከመካከላችን እንቅልፍ የወሰደውም አለ። ግን ማንንም ፍንዳታ አስፈቅዶ አልተሠራም።

የጓደኛችን ፊልም ቀረጻ ለጥቅምት ተይዟል፣ እሸቱ ሲቀላ። የቀይ እሸቱን ዛፍ በመጨረሻ የምናሳየው አንዴ ብቻ ስለሆነ ወቅቱ ካለፈን አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ካሜራው ስልክ ነው። አሮጊቷን የሚጫወቱልን የሰፈራችን እናት እሺ ብለዋል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያቀረቡት፦ «ቡናው በውሸት የሚፈላ ከሆነ እኔ አልገባበትም።» ማይክና ጄኔሬተር ይጎድለናል። አጋሮ አካባቢ ድምፁ የማይጮህ ጄኔሬተር ያለው ሰው ካለ ይጠቁመን፤ ኪራዩን ከቡና ሽያጭ በኋላ የሚቀበል ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።