የማስረጃ ፎቶ በትልቁ ይነሳ፣ ኦሪጅናሉም ይቀመጥ

በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ እንዳለ የቋራ ሰው ድሮም ያውቃል። የውጭው ዓለም ያመነው ግን በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅትና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች በሐንስ ባወር መሪነት ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው በዚህ ፓርክ ካሜራ ተከሉ፤ አንበሳ ሲያልፍ በራሱ አነሳው። ዱካም ተገኝቶ ነበር፤ ክርክሩን የዘጋው ግን ፎቶው ነው።

ዛሬ ከመተማ እስከ ቋራ ካሜራ የያዘ ሰው ብዙ ነው። የሰሊጥ ማሳ፣ የተቃጠለ የእጣን ዛፍ፣ ኬላ ላይ የተያዘ ዕቃ ሁሉ በፎቶ ይመዘገባል። ካሜራው ሲገዛ የሚጠየቀው ሜጋፒክስሉ ብቻ መሆኑ ግን ስህተት ነው እንላለን።

በካሜራው ምርጫዎች ውስጥ መጠንና ጥራት ይለያያሉ። መጠን ምስሉ ስንት ፒክስል እንደሚይዝ ይወስናል፤ 6000 በ4000 የሆነው 24 ሜጋፒክስል ነው፣ በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም ወደ 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ጥራት የሚባለው ምርጫ ደግሞ ፋይሉ ምን ያህል እንደሚጨመቅ ነው። በኒኮን ካሜራዎች ፋይን በግምት 1 ለ4፣ ኖርማል 1 ለ8፣ ቤዚክ 1 ለ16 ይጨምቃል። በቤዚክ የተነሳውም 24 ሜጋፒክስል ይባላል፤ ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት ግን ዓይን ብዙም አያስተውለውም ያለውን ረቂቅ ዝርዝር ጥሎታል። ተመራማሪዎች አንዱን አንበሳ ከሌላው የሚለዩት በጢሙ ሥር ባሉት ነጠብጣቦች ነው። እነዚያ ከጠፉ በፎቶው ላይ አንበሳ መኖሩ ይታወቃል፤ የትኛው አንበሳ እንደሆነና ስንት እንደሆኑ ግን አይታወቅም።

ጫካ ውስጥ በሚተከሉት ርካሽ ካሜራዎች ላይ የተጻፈው ሜጋፒክስል ብዙ ጊዜ ሶፍትዌር የለጠጠው ነው፤ ሻጭ ይወደዋል፣ ምስሉን ግን አያጠራውም። በሌሊት እየሮጠ ያለፈ እንስሳ ከደበዘዘም የትኛውም የመጠን ምርጫ አያድነውም።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያንሳል፣ እንደገና ይጨመቃል፤ የተነሳበት ቀንና ሰዓት መረጃም ከፋይሉ ይወጣል። እንደ ፋይል ቢላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስክሪንሹት ወደ ሪፖርት የሚያስገባ መሥሪያ ቤት ማስረጃውን በገዛ እጁ አዳክሟል።

ቦታ ይጨርሳል የሚለው ምክንያት አያሳምነንም። አንድ 24 ሜጋፒክስል ፋይን ጄፔግ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የ64 ጊጋባይት ካርድ ከ4 ሺህ በላይ ይይዛል። ሮው የሚባለው ጥሬ ፋይል ለሁሉም ይሁን አንልም፤ ለዕለት ሥራ ትልቁ መጠንና ፋይን ይበቃል።

ስለዚህ የፓርክ፣ የግብርናና የጉምሩክ ኃላፊዎች ሦስት ትእዛዝ በጽሑፍ ያውጡ፦ ካሜራው በትልቁ መጠንና በፋይን ይሁን፤ ቀንና ሰዓቱ ይስተካከል፤ ከካርዱ የወጣው ፋይል ሳይነካ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ተቆርጦና አንሶ ወደ አለቃ የሚላከው ቅጂ ብቻ ይሁን።