ባቡሩ ከሰበታ ሚኤሶ ደርሷል፤ ብሬይሉስ?

ያገሬ ልጆች፣ የሚኤሶ፣ የአሰቦት፣ የጭሮ! እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በየሰፈራችሁ ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ ወይ እግሩ የማይራመድለት ልጅ የለም? እኩዮቹ ደብተር ይዘው ሲወጡ ደጃፍ ላይ የሚቀር? እኛስ «ሰላም ነው?» ብለነው ስንት ጊዜ አለፍን?

«የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይባላል። ኧረ አቦ! ዓይኑ የፈጣሪ ሥራ ይሁን፤ ከትምህርት መቅረቱ ግን የኛ ሥራ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ይል ነበር። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። በ2002 ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ወረቀቱ ሞልቷል፤ የጎደለው ወረቀቱን ክፍል ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነው።

ሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ የታወቀች ከተማ ናት። በ2009 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም ከዚያው ከሰበታ ተነስቶ በኛዋ ሚኤሶ ያልፋል። ያን ሁሉ ሐዲድ የዘረጋች አገር ብሬይልና የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር እዚህ ማድረስ ያቅታታል? የሚኤሶ ልጅ ፊደል ለመቁጠር ከናቱ ተለይቶ ሩቅ አገር መሄድ የለበትም። አካቶ ትምህርት ማለት በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ከእኩዮቹ ጋር፣ በሚገባው ቋንቋ መማር ነው። በኦሮምኛ ለሚማር ብሬይሉ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ለሚማር በሶማሊኛ፣ በአማርኛ ለሚማር በአማርኛ።

«መምህሩስ ክፍሉ ሞልቶበት ምን ያድርግ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሸክሙን መምህሩ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው። ለዚህ ነው ጎረቤት ትምህርት ቤቶች የሚጋሩት የድጋፍ ማዕከልና የሠለጠነ ባለሙያ መጠየቅ ያለብን።

የትነበርሽ ንጉሤን አስታውሱ። በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች። ሻሸመኔ ተምራ፣ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩት ጋር ቁጭ ብላ፣ ከዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። በ2010 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘች። ደጃፍ ላይ ቀርታ ቢሆን ማን ያውቃት ነበር? ስንቷን የትነበርሽ ደጃፍ ላይ ትተናታል?

አገር እወዳለሁ ማለት ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ መለጠፍ ብቻ አይደለም። ምዝገባ ሲደርስ ያንን ልጅ እጁን ይዛችሁ ትምህርት ቤት ውሰዱት። «አንቀበልም» ካሉ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ በጨዋ ደንብ፣ ግን ሳትሰለቹ። አንድ ወጣት አንድ ልጅ።

ይህን ያነበባችሁ አሁን ትዝ ያላችሁ ልጅ አለ አይደል? በሱ ጀምሩ።